ደረት የማያልፍ ውኃ

ሺሬ ዋርሳሜ የሞተው ደረቱ ድረስ ብቻ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ነው። የሐርተሼክ ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ ዋና ሳጅን ወንደሰን ይህን ሪፖርቱ ላይ ሲያሰፍር ሁለት ጊዜ ሰርዞ ሁለት ጊዜ መልሶ ጻፈው። የውኃው ጥልቀት አንድ ሜትር ከሠላሳ፤ የሟች ቁመት አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ውሸታም ይመስላል። ቁጥር ከማሰር ሰው ማሰር ይቀላልና ሳጅኑ ውኃ ሊቀዳ መጥቶ አስከሬኑን ያገኘውን የቦቴ ሹፌር አሰረ።

ጊዜው ጥር 2014 ነበር። ዝናቡ በተከታታይ ቀርቶ ከብት በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። በዚያ አገር ወንዝ የለም፤ ሰው መሬት ቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣ በቆርቆሮ ከድኖ የዝናብ ውኃ ያጠራቅማል። ቢርካ ይሉታል። በዚያ ጥር ውኃ የተረፈበት ትልቅ ቢርካ የሺሬ ብቻ ነበር። ሺሬ በየማለዳው በብረት በሩ ገብቶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ምልክት ባለው ዱላ ውኃውን ይለካና ለስንት ቀን እንደሚበቃ ከተማ ተመልሶ ለሚጠብቁት ይናገራል። ሰኞ ጠዋት የሚናገር ሰው ሳይመለስ ቀረ።

ከጂግጂጋ የተላከችው ኢንስፔክተር ናስትሆ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ጥያቄ ጠይቃ መልሱን እንደ ሻይ እስኪበርድ የምትጠብቅ ሴት።

«በሩ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ?» አለች ቢርካው ደጃፍ ላይ ቆማ።

«ሹፌሩ ዝግ ነበር ነው የሚለው፤ ከውጭ ተቀርቅሮ» አለ ወንደሰን።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ የምለው የለኝም። ሹፌሩ ይዋሻል ነው የምለው።»

ናስትሆ መቀርቀሪያውን አየችው። በዚያ አገር የቢርካ በር ክፍት ሆኖ ያየ መንገደኛ ሁሉ ይዘጋዋል፤ ሕፃን እንዳይገባበት፣ ፍየል እንዳይወድቅበት። የዘጋውን ማንም ለምን ዘጋህ አይለውም፤ መዝጋት ጽድቅ ነው። ውስጥ ሰው ካለ ግን ምልክት አለ። የሚጠጣ ውኃ በጫማ አይወረድምና የወረደው ሰው ጫማ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ጫማ ያየ አይዘጋም።

«ጫማውስ የት ተገኘ?»

«ውኃው ላይ ተንሳፍፎ።»

«ሃያ ዓመት ባዶ እግሩን የወረደ ሰው ትናንት በጫማ ወረደ?»

«ትናንት አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት ነው» አለ ሳጅኑ፤ ማረም የሚችለው ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት። «ሞት ሲመጣ ሰው ልማዱን ይረሳል።»

«አንተ ረስተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ሞቼ አላውቅም።»

አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ጂግጂጋ ከመሄዱ በፊት ጣቢያው በረንዳ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ናስትሆ ሸራውን ገለጠች። አንገቱና ትከሻው ላይ የእጅ ምልክት የለም። ግንባሩ በትንሹ ተጭሯል። የጣቶቹ ጥፍሮች ግን ተሰባብረዋል፤ በሥራቸው ቀይ ጭቃ ሞልቷል።

«የቢርካው ግድግዳ ንጹሕ ሲሚንቶ ነው» አለች። «ቀይ ጭቃ የሚዘቅጠው ወለሉ ላይ ነው። ሰው ሲሰምጥ ወደ ላይ ይቧጥጣል፤ ይሄ ሰው ወለሉን ነው የቧጠጠው። መውጫውን ከታች ሲፈልግ ነው የሞተው።»

«ሰዉ ጂኒ ያዘው ይላል።»

«ታዲያ ጂኒውን ለምን አላሰርከውም?»

«አድራሻ የለውም» አለ ወንደሰን፤ ፊቱ ላይ ምንም አልታየም።

ሹፌሩ ዐብዲወሃብ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው። ግራ ጉንጩ አብጧል።

«ምን ነካህ?»

«በር ነው» አለ ዐብዲወሃብ። ወንደሰን የጣቢያውን ጣራ መመርመር ጀመረ።

«እንግዲህ የሆነውን ንገረኝ።»

«ወላሂ ያየሁትን ነው የምናገር። ቦቴውን ልሞላ መጣሁ። በሩ ዝግ ነው፣ ጫማ የለም። ቱቦውን ላስገባ ብዬ ከፈትኩ፤ ነጭ ሸሚዝ አየሁ። ዘልዬ ገባሁ። ውኃው እኔን እዚህ ድረስ ነው የሚደርሰኝ» አለና ደረቱን ነካ። «እሱ ከእኔ ይረዝማል። እንዴት እንደሞተ ብትነግሪኝ እኔም ደስ ይለኛል። ልብሴ ረጥቦ ስላገኙኝ ገዳይ ሆንኩ። ደረቅ ሆኜ ብቆም ኖሮ ደግሞ ‹አይቶ ዝም አለ› ይሉኝ ነበር።»

ወጣቱ የሌላ ጎሳ ልጅ ነበር። የሺሬ ዘመዶች ሽማግሌ ዩኒስ ከጣቢያው ፊት ለፊት ግራር ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ከተቀመጡ ሰዓታት አልፈዋል። ከኋላቸው የቆሙት ወጣቶች ቁጥር በየሰዓቱ ይጨምር ነበር።

«ረቡዕ ጠዋት ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብኝ» አለ ወንደሰን ዝግ ብሎ። «ሰባ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። እውነቱን ልንገርዎት ኢንስፔክተር፤ ገዳይ ተብሎ ከወጣ ጂግጂጋ በሕይወት አይደርስም። ንጹሕ ነው ብዬ ብለቀውም በር ላይ ይጠብቁታል፤ እኔን አያምኑኝማ።»

«ማንን ያምናሉ?»

«በዓይናቸው ያዩትን።»

የሟች ሚስት ሆዶ በሶማልኛ ነበር የምትናገረው፤ ቃሏ አጭር፣ እንባዋ ያለቀ። ከቤቷ መስኮት የቢርካው መንገድ ይታያል። ጠዋት የሄዱት ሦስት ሰዎች ናቸው አለች፤ የባሏ ወንድም ራሺድ፣ የመድኃኒት ቤቱ መላኩ፣ መጨረሻ ላይ ሹፌሩ። ዛፎች ስላሉ በሩን ራሱን አታይም።

«ባልሽ ታሞ ነበር?»

«አባዮ፣ እህቴ፣ እሱ ሕመሙን አያወራም። ግን ዓይን አለኝ። ሦስት ወር ሆነው። ሲራመድ የሰላምታ ሰጪውን ፊት አይለይም፤ ቆም ይላል፣ ያኔ ይለያል። ‹ስራመድ ዓለም ትዘላለች› አለኝ አንድ ቀን። መኪና ውስጥ የሱቁ ጽሑፍ፣ የሰው ፊት፣ ሁሉም ይዘላል። መስጊድ ውስጥ ዓይኑን ሲጨፍን ተንገዳግዶ ጎረቤቱ ላይ ወደቀ። መብራት ሲጠፋማ ግድግዳ ካልያዘ አይቆምም። ሰው ጫት አበዛ አለው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«የኩላሊት ሕመም ነበረው። መርፌ ተወጋ፤ ሃያ አራት ቀን። መላኩ ነው የወጋው። መቀመጫው እንደ ወንፊት ሆኖ ነበር።» ከሣጥን ውስጥ የታጠፈ ካርድ አወጣች። «ይሄን ዛሬ ነው የክት ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ያገኘሁት። የተጻፈበት ቀን ‹ጎማ ልግዛ› ብሎ ጂግጂጋ የሄደበት ነው ለካ። ማታ ‹ሐኪም ያልፋል አለኝ› አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሲብስበት ግን ሐሙስ በቶጎጫሌ በኩል ድንበር ተሻግረን ሐርጌሳ ልንሄድ ነበር። እዚያ ሐኪሙም በእኛ ቋንቋ ነው የሚያወራ። ለሰው ሁሉ ተናግሮ ነበር።»

ሺሬ ከሶማልኛ ሌላ አያውቅም ነበር። ካርዱ ላይ የጆሮ ሐኪም ማኅተም አለ፤ ዶክተር ዮፍታሔ፣ ከአዲስ አበባ በየወሩ ወደ ጂግጂጋ የሚመላለስ።

ማክሰኞ ማለዳ ናስትሆ ስልክ ደወለች። ዶክተሩ በስም አላስታወሰም፤ ሐኪም ሰውን የሚያስታውሰው በሕመሙ ነው። ዓለም የምትዘልበት ሰው ስትለው ግን ወዲያው «እሱን!» አለ።

«አጠገብሽ ሰው አለ?»

«ሳጅን ወንደሰን አለ።»

«ድምፁን ክፈችው። ሳጅን፣ ጣትህን ዓይንህ ፊት አቁም። ራስህን ሳታነቃንቅ ጣትህን ብቻ ወዲያ ወዲህ በፍጥነት አወዛውዝ። እንዴት ይታይሃል?»

«ድፍርስ ብሎ።»

«አሁን ጣትህን አቁመውና በዚያው ፍጥነት ራስህን አወዛውዝ።»

ዋና ሳጅኑ ጣቱን አቁሞ እንቢ እንደሚል ሰው ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። በመስኮት ያየው ዘበኛ ቀስ ብሎ ዞር አለ።

«ጥርት ብሎ ነው የሚታየኝ» አለ ወንደሰን፤ የተታለለ መስሎት።

«ራስህ ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይንህ በዚያው ልክ ወደ ግራ ስለሚዞር ነው። አንተ አላዘዝከውም። ያዘዘው ውስጠኛው ጆሮህ ነው። ከመስሚያው ጎን ፈሳሽ የያዙ ቀለበቶች አሉ፤ ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቀለበቱ የራስን አዟዟር በዚያ ያውቃል፣ ዓይንን ወዲያው ይመልሰዋል። ከሐሳብ ይፈጥናል። ያ ሰውዬ ይሄ በሁለቱም ጆሮው ሞቶበታል። ይሰማል፤ ሚዛን ግን የለውም። ራሱ በተነቃነቀ ቁጥር ዓይኑ አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዓለም ትዘልበታለች።»

«በምን ሞተበት?» አለች ናስትሆ።

«በጄንታማይሲን መርፌ። ያለ ምርመራ፣ ያለ ክትትል፣ ሃያ ምናምን ቀን! ተናድጄ ብዙ ተናግሬ ነበር።»

«ጨለማ ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ ቢወድቅስ?»

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰው ወደ ላይ የቱ እንደሆነ በሦስት ነገር ያውቃል፤ በዓይኑ፣ በእግሩ፣ በጆሮው። ጨለማ ዓይኑን ይወስድበታል። ውኃ እግሩን ያነሳበታል። ጆሮው ቀድሞ ሄዷል። ውኃው ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም ይሰምጣል። ይሄን አስጠንቅቄያለሁ እኮ! ‹ጨለማ ውስጥ ውኃ አጠገብ እንዳይደርስ› ብያለሁ።»

«ለማን ነው ያልከው?»

«አብሮት ለመጣው፣ ለአስተርጓሚው። ወንድ ነው። ሁላችንም ማስክ አድርገናል፤ በቀን ስድሳ ሰው ነው የማየው፤ መልኩን አትጠይቂኝ። አማርኛው ይሰማል፣ ይበቃኛል።»

«ምርመራውን እንዴት እንዳደረግክ አንድ በአንድ ንገረኝ።»

«ቀላል ነው። ታካሚው ፊቴ ይቀመጣል፣ አገጩን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ አፍንጫዬን ትኩር ብሎ ያያል። እኔ ራሱን በሁለት እጄ ይዤ ድንገት ወደ ጎን አዞራለሁ። የጤነኛ ዓይን አፍንጫዬ ላይ ተተክሎ ይቀራል። የእሱ ከራሱ ጋር ሄዶ፣ ዘግይቶ ዘሎ ይመለሳል። ራሱን ስይዘው እንዳይደነግጥ መጀመሪያ አስተርጓሚው ላይ ሦስት አራት ጊዜ አሳየሁት።»

ናስትሆ ይህን ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት። የሺሬን ሞት ከጆሮው ጋር ያገናኘ ሰው እስካሁን ሦስት ነው፤ ሐኪሙ፣ እሷና ሳጅኑ። አራተኛ ሰው ግን ከእነሱ ቀድሞ አውቆታል።

ራሺድ የሺሬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሐሮማያ ተምሮ የመጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ቁጡ።

«ተጣልተን ነበር፤ ማንም ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ» አለ። «እሱ ውኃውን ድርቅ ላፈናቀለው ሁሉ ይሰጥ ነበር። እኔ ‹ለቤተሰብ እናስቀር› አልኩ። ሰኞም ሄጄ በሩ ላይ ጮህኩበት። ትቼው ስሄድ ጫማውን አውልቆ እየገባ ነበር።»

«ጂግጂጋ ሐኪም ጋ አብረኸው ሄደሃል?»

«ሐኪም? እሱ? ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ተሸክሜው እሄድ ነበር።» ንዴቱ በመሐል ተሰበረ። «ምን ነበር የታመመው?»

መላኩን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አገኘችው። አያቱ ከጦር ጋር መጥተው የቀሩ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ሸብቶ፣ ሶማልኛውን ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማው ከአገሬው አይለይም። ሕዝቡ ዶክተር ይለዋል። ናስትሆ ስትገባ የአንዲት አሮጊት የደም ግፊት እየለካ ነበር፤ በነፃ።

«ጋሽ መላኩ፣ ሺሬን ስንት ቀን ወጉት?»

«ሰባት ቀን። እንደ ደንቡ ነው ልጄ።»

«ባለቤቱ ሃያ አራት ትላለች።»

«ሐዘን ቁጥር ያበዛል።»

«ሰኞ ቢርካው ጋ ሄደው ነበር?»

«ሁለት ጄሪካን ልቀዳ። ሺሬን ደጃፉ ላይ ሰላም አልኩት፣ ቀዳሁ፣ ተመለስኩ። ምን ዓይነት ሰው ነበር መሰለሽ! ይሄ ከተማ አባቱን ነው ያጣው።»

«ራስ ይዘው እያዞሩ ዓይን የሚመረምሩበት ዘዴ አለ ይባላል። ያውቁታል?»

መላኩ ሳቀ። «እኔ ጋ የሚመጣው ራሱ ዞሮበት ነው፤ ደግሞ እኔ ላዙረው? አላውቅም ልጄ፣ ሰምቼም አላውቅ። የኔ ሥራ ክኒንና መርፌ ነው።»

«ሺሬ ጂግጂጋ የጆሮ ሐኪም ጋ ሄዶ ነበር።»

«እንዴ! ገና ካንቺ መስማቴ ነው» አለና ለአሮጊቷ ክኒን ቆጥሮ ሰጣት። «ከእራት በኋላ እማማ፤ አይርሱ።»

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አስከሬኑ ተመለሰ። ቀብሩ ለዐሥር ሰዓት ተቀጠረ። ናስትሆ ግን ሁሉንም ቀድማ ሺሬ ግቢ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሽማግሌ ዩኒስን፣ ሆዶን፣ ራሺድን፣ መላኩን፣ በካቴና የታሰረውን ዐብዲወሃብን። ወጣቶቹ የድንኳኑን ሸራ ገልጠው ዳር ዳሩን ቆሙ። እያንዳንዱን ነገር አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በሶማልኛ ራሷ እናገራለሁ አለች። አስተርጓሚ ሲቀርብላት «በዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ አልፈልግም» ብላ መለሰችው።

«ሺሬን ያነቀው እጅ የለም» ብላ ጀመረች። «ሐኪሞቹ አይተዋል። ሺሬ የሞተው በጨለማ ነው። ለሌላው ሰው ጨለማ ጨለማ ነው፤ ለእሱ ገደል ነበር።» የጆሮውንና የዓይኑን ነገር ሐኪሙ እንዳስረዳት አስረዳች። ዩኒስ ጣታቸውን ዓይናቸው ፊት አቁመው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዳር የቆሙትም ተከተሏቸው። ለቅሶ ቤት ሙሉ ሰው በጣቱ ላይ እንቢ አለ።

«ሺሬ ይሄ አልነበረውም። ሐኪሙ እንዴት እንዳወቀ አሁን አሳያችኋለሁ። ራሺድ፣ ና ተቀመጥ።»

ራሺድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ናስትሆ ሁለት እጇን ወደ ራሱ ስትዘረጋ ዓይኑ ከእጇ ወደ እጇ ተቅበዘበዘ፤ አንገቱንም ወደ ኋላ አሸሸ። «ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«ምንም። ተነሣ። ዐብዲወሃብ፣ አንተ ተቀመጥ።»

እጇን ስትዘረጋ ዐብዲወሃብ ዓይኑን ጨፈነ፤ ትከሻውም ወደ ጆሮው ወጣ። ወንደሰን አቀርቅሮ የጫማውን ክር አየ።

«ተነሣ። ጋሽ መላኩ፣ እርስዎም አንዴ።»

መላኩ ተቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ። ናስትሆ እጇን ዘረጋች፤ ራሱን ግን አልያዘችም። ቃልም አልተናገረችም። መላኩ አገጩን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ ይጠብቃት ነበር።

«ጋሽ መላኩ፣ ምን እያዩ ነው?»

«አፍንጫሽን።»

«ማን እዩ አለዎት?»

መላኩ መነጽሩን ለማድረግ ሞከረ፤ አንዱ ክንፍ ጆሮውን ሳተው።

«ይሄን ምርመራ ሰምቼም አላውቅ ብለውኛል፤ ዛሬ ጠዋት፣ አሮጊቷ እየሰማች» አለች ናስትሆ። «ሰው ወደ ራሱ እጅ ሲመጣበት እጁን ያያል ወይም ዓይኑን ይጨፍናል። ሳይነገረው አገጩን ዝቅ አድርጎ አፍንጫ የሚያይ፣ አንድ ጊዜ የተደረገለት ብቻ ነው። ሐኪሙ ሺሬን ከመመርመሩ በፊት አስተርጓሚው ላይ አሳይቷል። አስተርጓሚው እርስዎ ነዎት።»

«ብሆንስ?» አለ መላኩ። ድምፁ አልተለወጠም። «ታሞ አጅቤዋለሁ። ሚስጥሩን ጠበቅኩለት። ወንጀል ነው?»

«ሐኪሙ ‹ጨለማ ውስጥ ውኃ አጠገብ እንዳይደርስ› አለ። እርስዎ ለሺሬ ‹ያልፋል› አሉት። ለምን? ሐኪሙ ሌላም ነገር ስለተናገረ ነው። ዛሬ መልሼ ደውዬ ጠየቅኩት። ‹ይሄን መርፌ የወጋው ሰው መድኃኒት ቤቱ ሊዘጋ፣ እሱም ሊጠየቅ ይገባል› ብሎ ነበር። ለማን እንደሚናገር አላወቀም። አስተርጓሚው ምን እንዳለው ታውቃላችሁ? ‹ልክ ነው ዶክተር፣ መዘጋት አለበት።›»

አንድ ሰው ሳል ሊያፍን ሲሞክር ተሰማ።

«ሁለት ወር ዝም ብለው ቆዩ» አለች። «ሐሙስ ግን ሐርጌሳ ሊሄድ ነው። እዚያ ሐኪሙ በሺሬ ቋንቋ ‹ማን ወጋህ?› ይለዋል። መሐል የሚገባ ሰው የለም። ስለዚህ ሰኞ ሁለት ጄሪካን ይዘው ሄዱ። ራሺድ ጮሆ ሲመለስ ጠበቁ። ሺሬ ወረደ። በሩን ዘጉ።»

«በር ዘጋሁ!» አለ መላኩ፤ ወደ ሰዎቹ ዞሮ በሶማልኛ ቀጠለ። «እናንተ ሰዎች፣ ክፍት ቢርካ አይቶ የማይዘጋ ከመካከላችሁ ማን አለ? ስንት ጊዜ ዘግቻለሁ! ልጆቻችሁ እንዳይገቡ!»

ያልተጠበቀው ነገር፣ ከዳር አንድ ሁለት ሰዎች ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። እውነቱን ነበር።

«ልክ ነው፤ ሁሉም ይዘጋል» አለች ናስትሆ። «ጫማ ካላየ። የሺሬ ጫማ ግን ደጃፉ ላይ ነበር፤ ራሺድ ሲያወልቅ አይቶታል። ጫማው እዚያ ከቆየ፣ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ‹ውስጥ ሰው አለ› ብሎ በሩን ይከፍታል፤ ብርሃን ይገባል፣ ሺሬም ይነሣል። ስለዚህ ጫማው መጥፋት ነበረበት። በሩን መዝጋት ልማድ ነው ጋሽ መላኩ። ጫማውን አንስቶ ውስጥ መወርወርስ የማን ልማድ ነው?»

ሽማግሌው ዩኒስ መላኩን ይመለከቱት ነበር። ልጃቸውን በኩፍኝ ጊዜ ያተረፈላቸው እሱ ነው።

«ጮኸ?» አሉት ዩኒስ።

«አንዴ» አለ መላኩ። በማያውቀው ነገር ላይ እንደሚጠየቅ ሰው ዝግ ብሎ ነበር የተናገረው። «ስሜን ነው የጠራው። ድምፄን ሰምቶ ነበር ለካ። ‹መላኩ፣ በሩ› አለኝ። እንድከፍትለት። ከዚያ ውኃው ብቻ ተሰማ። ብዙም አልቆየ።» እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ሠላሳ ዓመት ነው ይሄን ሕዝብ ያከምኩት። መርፌው ያልቃል፣ ሌላ እጨምራለሁ፤ ሰው ይድናል። ማን ነግሮኝ ያውቃል? ለአንድ ጆሮ ብለው ይዘጉብኛል ብዬ…»

ዓረፍተ ነገሩን የጨረሰለት ሰው አልነበረም። ዳር ከቆሙት ወጣቶች አንዱ ወደ ፊት ተራመደ፤ ዩኒስ ምርኩዛቸውን አግድም ዘረጉበት። «ተው» አሉ። «ይሄን መንግሥት ይውሰደው። እኛ የምንቀብረው አለን።»

ወንደሰን የዐብዲወሃብን ካቴና ፈትቶ፣ ብረቱን በእጁ እንደያዘ ትንሽ ቆመ። «ጉንጭህ…» አለ።

«በር ነው አልኩህ እኮ» አለ ዐብዲወሃብ፤ ሳያየው።

ካቴናው መላኩ እጅ ላይ ገባ። የጣቢያው መኪና ሲሄድ የከተማው ሰው ከኋላው አልጮኸም፤ ድንጋይም አልወረወረም። ዶክተር ብለው የጠሩትን ሰው ምን ብለው እንደሚሰድቡት ገና አላወቁም ነበር።

ዐብዲወሃብ ድንኳኑ መሐል ብቻውን ቀረ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ግን አልሄደም። ዩኒስ ወደ እሱ መጡ።

«ልጄ፣ እኛ ሁለት ቀን ሞትህን ስንጠብቅ ነበር። አሁን ምን እናድርግልህ?»

«ከውኃው ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ ዐብዲወሃብ። «ከባድ ነበር። ብቻዬን ስለነበርኩ አንዴ ከእጄ አምልጦኛል። ቃሬዛውን ልያዝ።»

ዩኒስ የፊተኛውን እጀታ ይዞ ወደነበረው ወጣት ዞሩ። ወጣቱ ለቀቀለት። ራሺድ በሌላው በኩል ነበር። ወንዶቹ ሁሉ ተከትለው ወጡ፤ ግቢው ባዶ ሆነ።

ሴት ወደ መቃብር አትሄድምና ናስትሆና ሆዶ ድንኳኑ ውስጥ ቀሩ። ሆዶ እስከዚያ ሰዓት የተናገረችው ሁሉ በሶማልኛ ነበር። አሁን ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ጂግጂጋ ገበያ ዐሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ሸጫለሁ» አለች።

ናስትሆ ዞራ አየቻት።

«አማርኛ እችላለሁ እኮ። እንደምችል እሱም ያውቃል። ሚስቴ ድካሜን አትስማ ብሎ ነው ሌላ ሰው የወሰደው።» ሻሿን አስተካከለች። «ሐኪሙ ያለውን አሁን አንቺ ንገሪኝ። እንደተናገረው። አንድ ቃል እንዳታስቀሪ።»

ናስትሆ ማስታወሻዋን አውጥታ ከሴትዮዋ ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች።